ዶሮዋን ማን ይባርክላቸው? ገናን ሰው በማገልገል ለማክበር ዝርዝር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በገና ዋዜማ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከቤታችን ጀርባ ለሚኖሩ አንዲት እናት ዶሮ ይዤ ሄድኩ። አራት ኪሎ አካባቢ፣ አንዲት የቀበሌ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። ዶሮዋ ቀይ፣ ወፍራም፣ እግሯ በሲባጎ የታሰረ ነበረች። ሁለት ኪሎ ዱቄትና አንድ ሊትር ዘይትም ጨምሬያለሁ። እማማ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። «ክፉ አይንካህ፣ ዕድሜ ይስጥህ» አሉኝ። አሜን ብዬ ቤቴ ገባሁ። ደስ ብሎኝ አደርኩ።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እንኳን አደረሰዎት ልላቸው ጎራ አልኩ። ዶሮዋ ከአልጋው እግር ጋር እንደታሰረች መሬቱን ትጭራለች። ከጎኗ በጣሳ ውሃ ተቀምጦላታል። ትሪው ላይ የተራረፈ ሽሮና ቁራሽ እንጀራ አለ። «ምነው እማማ?» አልኳቸው። «አይ ልጄ፣ ዛሬ ደከም ብሎኝ ነው። ነገ አሠራታለሁ» አሉኝ።

ድካም አልነበረም። የሚባርክላቸው ወንድ ነው የጠፋው። እንደምታውቁት በልማዳችን ሴት ዶሮ አትባርክም፤ በሯ ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ወንድ ትለምናለች። እማማ በበዓል ጠዋት ሰው ማስቸገር ይሉኝታ ያዛቸው። ቢባረክላቸውም ከሰል የለም። ሽንኩርት የለም። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ስለታሰሩ ዶሮ መገነጣጠል አይሆንላቸውም። ምግብ የሰጠሁ መስሎኝ ሥራ ነበር የሰጠኋቸው።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ገናን በሌላ መንገድ ማክበር ጀመርኩ። የተማርኩትን ነው እዚህ በየተራ የማስቀምጠው። በእኔ እምነት ሰው በበዓል ቀን የሚጎድለው ምግብ ብቻ አይደለም። ባለቤት መሆንም ይጎድለዋል። ቄጤማ ጎዝጉዞ፣ ቡና አፍልቶ፣ «ግቡ፣ ብሉ፣ በሞቴ» ማለት ይናፍቀዋል። ጌታችን የተወለደው የእንግዶች ማረፊያ ውስጥ ቦታ ጠፍቶ በግርግም ነው። አባቶች ሲያስተምሩን እንስሳቱ በትንፋሻቸው አሞቁት ይላሉ። ያላቸው ትንፋሽ ነበር፤ እሱን ሰጡ። ምንም የሌለው የሚመስለን ሰውም የሚሰጠው አለው። የእኛ አገልግሎት እንዲሰጥ ማስቻልም ጭምር ነው።

አንደኛ፦ ከጾሙ ጀምሩ

ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል። በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ነው፤ ለምሳሌ በ2020 ዓ.ም. እንደዚያ ይሆናል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያ እስከ ዋዜማው ታኅሣሥ 28 ድረስ ብትቆጥሩት 44 ቀን አላችሁ። 44 ቀን ብዙ ነው። ዋዜማ ላይ የሚጀመር ደግነት እንደኔ ዶሮ አልጋ ሥር ታስሮ ይቀራል።

ገንዘቡን ከጾሙ ማውጣት ይቻላል። ቤተ ክርስቲያንም የምታስተምረው ይህንኑ ነው፤ በጾም የተውነው የእኛ ሆኖ እንዲቀር አይደለም፣ ለነዳያን እንዲደርስ ነው። ከተሜ ከሆናችሁ ቀላሉ መንገድ ማኪያቶ ነው። በጾም ወተት ስለማትጠጡ ጥቁር ቡና ወይም ሻይ ታዛላችሁ። የዋጋውን ልዩነት በየቀኑ አንድ ጣሳ ውስጥ ጣሉ። የክትፎና የጥብሱንም እንዲሁ። ልጆች ካሏችሁ ጣሳው ልጆቹ የሚያዩት ቦታ ይቀመጥ፣ ሳንቲሙንም እነሱ ይጣሉት። በገና ሰሞን ጣሳውን ስትከፍቱ ቀላል ገንዘብ አታገኙም። ከደመወዛችሁ ሳትቀንሱ ነው ያጠራቀማችሁት።

ሁለተኛ፦ አንድ ቤት ፈልጉ

ብዙዎቻችን «ሃምሳ ሰው እናብላ» ብለን እንነሳለን። ሃምሳ ሰው ማብላት ትልቅ ነገር ነው። አቅምና ልምድ ላላቸው ግን ይተውላቸው። በከተማ አስተዳደሩ የተከፈቱት የተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላት አሉ። ስድስት ኪሎ የማዘር ቴሬዛ ቤት አለ። ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ ደግሞ መቄዶንያ አለ። ብዙ ሰው ለመድረስ ከፈለጋችሁ እነዚህን አግዙ። ቀድማችሁ ሂዱና ምን እንደጎደላቸው ጠይቁ። አረጋውያንና ሕሙማን የሚጦሩበት ቦታ የአዋቂ ዳይፐርና የልብስ ሳሙና መቼም በቃን አይልም። ልብስ የሚያጥብ እጅም እንደዚያው። በገና ሳምንት ጎብኚ ይበዛባቸዋል፤ እናንተ በታኅሣሥ መጀመሪያ ወይም በጥር ሂዱ።

ለራሳችሁ ግን አንድ ቤት ያዙ። አንድ ብቻ። ስሟን የምታውቋት፣ በሯን የምታንኳኩት፣ ከገና በኋላም የምታገኟት ሰው።

ማን እንደተቸገረ ከማን ይጠየቃል? የእድሩን ጸሐፊ ጠይቁ፤ ማን መዋጮ እንዳቋረጠ እሱ ያውቃል። የሰበካ ጉባኤ አባላትን ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ግን ጉልት የምትሸጠውን ሴት ጠይቋት። ሽንኩርት በኪሎ ትገዛ የነበረች እናት መቼ በመደብ፣ መቼ ደግሞ በፍሬ መግዛት እንደጀመረች ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ዘይት በሊትር የሚወስድ የነበረ ሰው በብርጭቆ ሲጀምር ያየችው እሷ ናት።

የሰፈራችሁን ባለሱቅም አትርሱ። የዱቤ ደብተር አለው። ባለፈው ዓመት አንዱን ባለሱቅ ጠጋ ብዬ «ወንድሜ፣ ሊከፍሉ እየፈለጉ ያቃታቸው አሉ?» አልኩት። ደብተሩን ከባንኮኒው ሥር አወጣ። ጥጉ በዘይት የራሰ፣ በላስቲክ የታሰረ ደብተር ነው። ገጹን በእጁ ከልሎ ስሙን ሳያሳየኝ ሒሳቡን ብቻ አነበበልኝ። ዳቦ፣ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙና፣ ዳቦ፣ ዳቦ፣ ዳቦ። ከፈልኩት። ከፊቴ በእስክሪብቶ ሰረዘውና «ተከፍሏል» ብሎ ጻፈበት። እስከ ዛሬ የማን ዕዳ እንደነበረ አላውቅም። እንዲህ ስታደርጉ ሦስት ነገር ጠብቁ። ስም አትጠይቁ። ባለሱቁ የማን ገንዘብ እንደሆነ እንዳይናገር ቃል አስገቡት። ከፊታችሁ እንዲሰርዘውም አድርጉ። ዕዳዋ የተሰረዘላት እናት ለበዓሉ እንደገና ቀና ብላ ሱቅ ትገባለች፤ የምትፈልገውንም ራሷ መርጣ ትገዛለች።

ሦስተኛ፦ ጠይቁ፣ ግን በዘዴ

«ምን ላምጣልዎት?» ካላችሁ መልሱ የታወቀ ነው። «ምንም አልፈልግ፣ እናንተ ደህና ሁኑልኝ።» ይሉኝታ ነው። ጥያቄውን አዙሩት። «በዓሉን ከማን ጋር ነው የሚውሉት?» በሏቸው። «ድሮ ገና እዚህ ሰፈር እንዴት ነበር?» በሏቸው። ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ።

እማማን እንዲህ ብዬ ስጠይቃቸው ያልጠበቅኩት ነገር ወጣ። ዶሮ አልነበረም የናፈቃቸው። የገናን ሌሊት ቅዳሴ አስቀድሰው ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጉልበታቸው ደረጃ አያወጣም። በሌሊት የሚደግፋቸው ሰው የለም። ለታክሲም የለም። «ሥላሴን ደጁን እንኳ ብሳለመው» አሉኝ። ከቤታቸው ቅድስት ሥላሴ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም።

ስለዚህ በዚያ ገና ዶሮ ከመግዛታችን በፊት ሌላ ነገር አሰናዳን። እህቴ ነጠላቸውን ቀድማ ወስዳ አጠበችላቸው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወጣን። አንድ ክንዳቸውን እኔ፣ አንዱን እህቴ ይዘን፣ በየሃያ እርምጃው እየቆምን ሄድን። ለመቀመጫ አነስተኛ በርጩማ ይዘን ነበር። ለብርዱ ጋቢ ደረብንላቸው፤ የታኅሣሥ ሌሊት ለሽማግሌ ይከብዳል። እናንተም ሰው ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ በርጩማውን፣ ጋቢውንና የእጅ ባትሪውን አትርሱ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሰዓቱን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቅዳሴው እስከ ሌሊት ይቆያልና። ቤት የሚመልሳቸው ሰውም ከወዲሁ ይታወቅ።

አንዳንዱ የሚጠይቀው መነጽር ይሆናል። አንዱ ክፍለ ሀገር ላለ ልጁ የሚደውልበት የስልክ ካርድ። አንዷ የሚያፈስ ጣሪያ። የተነገራችሁን አድርጉ። በሐሳባችሁ የነበረውን ትታችሁ የእነሱን ያዙ።

አራተኛ፦ ቅርጫው ላይ አንድ መደብ ጨምሩ

የሰፈር ወይም የመሥሪያ ቤት ቅርጫ የምትገቡ ከሆነ ይህ ከሁሉም የምወደው ነው። አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ሰንጋ ይገዛሉ። ይታረዳል። ሽንጡ፣ ዳቢቱ፣ ሻኛው፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው ለሁሉም እንዲደርስ ተደርጎ በቅጠል ወይም በላስቲክ ላይ ይመደባል። ከዚያ እጣ ይወጣል።

ብዙ ጊዜ ለተቸገረ ሰው የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ የተረፈው ነው። አጥንት፣ ጭንቅላት፣ እግር። ይህን እንቀይር። አሥር ሰው ከሆናችሁ መደቡን አሥራ አንድ አድርጉት። ሁሉም መደብ ትንሽ ያንሳል፤ የማንም ድስት ግን አይጎድልም። አሥራ አንደኛው መደብ ከሌሎቹ ጋር እኩል እጣ ይግባ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። እጣው ጥሩውን ካወጣላቸው ጥሩውን ይወስዳሉ፤ ማንም «ይሄኛውን ስጧቸው» ብሎ አይመርጥላቸውም። እጣው በአንዳችሁ ስም ይውጣ፣ የሚወስድላቸውም እሱ ይሁን። የእነሱ ስም በአደባባይ አይጠራ።

ውሳኔው ሰንጋው ከመገዛቱ በፊት ይደረስ። ከታረደ በኋላ ካነሳችሁት ክርክር ይሆናል፤ ደርሶብኛል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጥርስ ለሌላቸው ሽማግሌዎች ሥጋውን በደቃቁ አስከትፋችሁ ውሰዱ። ፍሪጅ ስለሌላቸው ከፊሉን በጨውና በበርበሬ ለውሳችሁ ቋንጣ ብትሰቅሉላቸው ሳምንታት ይቆይላቸዋል።

አምስተኛ፦ የምትወስዱት ነገር ሙሉ ይሁን

ማዕድ ማጋራት ሲባል ዘይት፣ ዱቄት፣ ዶሮና እንቁላል ይታሰበናል። ከዶሮው እስከ ወጡ ያለውን መንገድ ግን በሐሳባችሁ ሂዱበት። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ያህል ሽንኩርት ያስፈልጋል። በርበሬ፣ ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው። ዶሮውን የሚያጥቡበት ሎሚ። ከሰል፤ ወይም በኤሌክትሪክ የሚያበስሉ ከሆነ ቆጣሪያቸው ካርድ እንዳለው ጠይቁ። በበዓል ዋዜማ የተሞላው ካርድ አልቆ ጨለማ ውስጥ የሚውል ቤት አለ። እንጀራ። ቡና፣ ስኳርና ትንሽ ዕጣን። የአንድ እቅፍ ቄጤማ። ክብሪት።

ዕጣኑና ቄጤማው ትርፍ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቄጤማው ሲጎዘጎዝ ነው ቤቱ በዓል በዓል የሚሸተው።

ሰዓቱንም አስቡበት። ዋዜማው ጾም ነው። ማታ የተሠራ የዶሮ ወጥ ይዛችሁ ብትሄዱ ቅዳሴ እስኪያልቅ አይነኩትም። ስለዚህ ለዋዜማው የጾም ምግብ፣ ለማግስቱ የፍስኩን ለዩ። ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ይፈሰካል። ከዚያ በኋላ ባሉት ረቡዕና ዓርብ ግን ጾም አለ።

ጎረቤታችሁ ሙስሊም ከሆነ ሥጋ አትውሰዱ። ይህን አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በችኮላ ግን ይረሳል። ድፎ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ ለስላሳ፣ ፈንዲሻ አለ። ዳቦውን ሲቆረስ እዚያው ጥሯቸው። በኢድ እነሱ ለእናንተ እንደሚያስቡት ነው።

ስድስተኛ፦ በዕለቱ እጅ ሁኑ፣ ቤቱ ግን የእነሱ ይሁን

ከዚያ የዶሮ ስህተት በኋላ በነበረው ገና ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢላ ይዤ እማማ ቤት ሄድኩ። በስመ አብ ብዬ ባረክሁ። እህቴ ልትገነጣጥል ቁጭ ስትል እማማ ከአልጋቸው ጫፍ ሆነው «ቆይ፣ ቆይ፣ እንደዚያ አይደለም» አሏት። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ነው። እህቴ ግን ስትቸኩል ፈረሰኛዋን ከመላላጫው ጋር ልትቆርጠው ነበር። እማማ ጣታቸው ባይታዘዛቸውም በአፋቸው እየመሩ እያንዳንዷን ብልት አስወጧት። «እዚህ ጋ መገጣጠሚያዋን ፈልጊ። አዎ። አሁን ቢላውን አስተኚው።» ቁርጥ ያለ ድምፅ ነበራቸው። እንደዚያ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ሦስት ጊዜ ቀምሰው ሦስት ጊዜ «ገና ነው» አሉ። አራተኛው ላይ በርበሬው እንዲገባ ፈቀዱ።

ማዕዱ ሲቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ እሳቸው አጎረሱን። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ወጡ አገጬ ላይ ፈሰሰ። «አንዴ ጎርሶ ማቆም የለም» ብለው ደገሙኝ። ቡናው ሲፈላ ከጎረቤት ሁለት እናቶችን አስጠሩ። «ግቡ፣ ዛሬ እኔ ቤት ነው» አሏቸው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ምግቡን በር ላይ አስረክባችሁ አትሂዱ። አብስሉ፣ ቅዱ፣ እጠቡ፣ ውሃ ቅዱ። ትዕዛዙን ግን ከባለቤቷ ተቀበሉ። ስትቀመጡ እሳቸው ባሉበት ተቀመጡ። አጉርሱኝ ሲሉ አፋችሁን ክፈቱ። «ለራስዎት ያስቀምጡ» አትበሉ። ከሰጣችሁት ሊያካፍሏችሁ መብታቸው ነው። የመጣችሁበትን ነገር ለጎረቤት አትንገሩ፤ «እማማ ጠርተውኝ ነው» በሉ። እውነትም ነው።

ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ። በዚህ ጉዳይ መሀል ቤት የለኝም። ዘይት ሲቀበሉ የተነሱት ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ የልጃቸው ጓደኞች ያዩባቸው እናት አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ የማንንም እርዳታ አልተቀበሉም። ቀኝ እጅ የሚሠራውን ግራ አይወቅ ተብሏል፤ ቲክቶክ ደግሞ ከግራ እጅ በጣም ይርቃል። ማስታወሻ የሚሆን ፎቶ እነሱ ራሳቸው ከጠየቋችሁ አንሱ፣ አሳጥባችሁም ስጧቸው።

ሰባተኛ፦ ሆስፒታል በር ላይ ያሉትን አስታማሚዎች አስቡ

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛው ቦታ ነበር። ዛሬም ከየክፍለ ሀገሩ የሚላክ ሕመምተኛ ይበዛበታል። ሕመምተኛው አልጋ ያገኛል። አስታማሚው ግን ያደረበት ያድራል። በአዘቦቱ ቀን ከግቢው ውጪ ካሉ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ሽሮም ቢሆን ይገዛል። በገና ቀን ግን እነዚያ ቤቶች ይዘጋሉ። ገንዘብ ይዞም የሚበላ ያጣል። ይህን የተረዳሁት ወንድሜ ታሞ እኔ ራሴ አስታማሚ በሆንኩበት ዓመት ነው።

ስለዚህ የገና ቀን እኩለ ቀን ላይ በአገልግል ወይም በሳፋ እንጀራና ወጥ ይዛችሁ ሂዱ። ለአስታማሚዎቹ ነው የምትሰጡት። ለሕመምተኛ ነርሷን ሳትጠይቁ ምንም አትስጡ። ጨው የተከለከለ አለ፣ ስኳር የተከለከለ አለ፣ ለቀዶ ሕክምና ባዶ ሆዱን የሚጠብቅም አለ። ውሃ፣ ሳሙና፣ ሶፍት ጨምሩ። ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉበት ፓወር ባንክ ብታውሷቸው ደስታቸውን ታያላችሁ፤ አገር ቤት ያለው ቤተሰብ ድምፃቸውን እየጠበቀ ነውና። ከዚያ ቁጭ በሉ። «ከየት ነው የመጣችሁት?» በሉ።

በመንገዳችሁ ደግሞ ባንክ በር ላይ ብቻውን የቆመ ጥበቃ ካያችሁ አንድ ሰሃን ለእሱ ይሁን።

ስምንተኛ፦ ደም

ገንዘብ የሌለው ሰው ከሁሉ የሚበልጠውን ስጦታ መስጠት ይችላል። ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 65፣ ክብደታችሁ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ጤነኛ ከሆናችሁ፣ በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ትችላላችሁ። ስታዲየም አካባቢ ያለው ደም ባንክ ለመሀል ከተማ ሰው ቅርብ ነው። ለካንሰር ሕሙማን በብዛት የሚያስፈልገው ፕላትሌት የሚባለው የደም ክፍል ከአምስት ቀን በላይ አይቀመጥም። በዓል ስለሆነ ሰው ቢጠፋ የባለፈው ወር ደም አይተካውም።

ለጿሚዎች አንድ ምክር አለኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ቆይቶ ደም መስጠት ያዞራል። ቅዳሜና እሑድ ግን በዚህ ጾም ከእህል ውሃ መከልከል የለም። ቁርሳችሁን በልታችሁ፣ ውሃ ጠጥታችሁ ቅዳሜ ሂዱ። ሰዓታቸውን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ዘጠነኛ፦ የጎዳና ልጆችን ቁጭ አድርጋችሁ አብሏቸው

ፒያሳ ጊዮርጊስ ዙሪያ፣ ለገሃር፣ ስታዲየም፣ አራት ኪሎ፣ ልጆቹን ታውቋቸዋላችሁ። ብር አውጥታችሁ መሀላቸው ብትበትኑ ጉልበተኛው ይወስደዋል፣ ትንሹ ይረገጣል። እነዚህ ልጆች ከምግብ ቤት የተራረፈ ቡሌ ነው የሚበሉት። የሌላ ሰው ጥርስ ያረፈበት ምግብ። ገናን ለእነሱ ልዩ የሚያደርገው ከምግብ ቤቱ ጓሮ ሳይሆን ከምግብ ቤቱ ወንበር መብላት ነው።

በዓሉ ከመድረሱ ከአንድ ሳምንት በፊት አንድ የሰፈር ምግብ ቤት ባለቤት አናግሩ። በገና ማግስት፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ለስምንት ወይም ለአሥር ልጆች ሒሳብ ቀድማችሁ ክፈሉ። ባለቤቱ እሺ ካላለ ሌላ ፈልጉ፤ እሺ የሚል አይጠፋም። ልጆቹ እጃቸውን ይታጠቡ፣ ወንበር ስበው ይቀመጡ፣ አስተናጋጇ መጥታ «ምን ልታዘዝ?» ትበላቸው። ራሳቸው ይዘዙ። አንድ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ ይህን ጥያቄ ሰምቶ መልስ ጠፍቶት ወደኔ ዞረ። «የፈለግከውን» አልኩት። ብዙ ካሰበ በኋላ «እንቁላል ፍርፍር፣ ሙሉ» አለ። ሙሉ የምትለዋን ቃል ረገጥ አድርጎ ነበር የተናገራት።

አሥረኛ፦ ከሰፈር የሄዱትን ፈልጓቸው

በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳ፣ ከካሳንቺስና ከሌሎችም መሀል ሰፈሮች ብዙ ቤተሰብ ተነስቷል። የካሳንቺስ ብዙ ሰው ገላን ጉራ ገብቷል። አዲሱ ቤት ቤት ነው፤ ግን ለአርባ ዓመት ቡና አብረው የጠጡ ሰዎች በየብሎኩ ተበትነዋል። የመጀመሪያው ገና ከሁሉም ይከብዳል። በድሮ ሰፈራችሁ ያሉትን ሁለት ሦስት ሰዎች አስተባብሩና አንድ ሚኒባስ ተከራዩ። ድፎ ዳቦውን ይዛችሁ ሂዱ። እዚያ ያሉትን የድሮ ጎረቤቶች አንድ ቤት ሰብስቧቸው። በቴሌብር ገንዘብ መላክ ይቻላል፣ ጥሩም ነው። ግን ሰው ገንዘቡን ሲቀበል ብቻውን ነው።

የመጨረሻው፦ ከጥምቀት በኋላ ተመለሱ

ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ካለፈ በኋላ ከተማው ወደ ሥራው ይመለሳል። ሰጪውም ይደክመዋል፣ ኪሱም ይሳሳል። የእናንተ ሁለተኛ ጉብኝት በዚህ ሳምንት ይሁን። ቀኑን ከወዲሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ብዙ ነገር መያዝ አያስፈልግም። አንድ ኪሎ ስኳር ይበቃል። ባዶ እጃችሁንም ብትሄዱ ችግር የለውም፤ ሰሃናችሁን ልትወስዱ ነው የመጣችሁት።

በገና ሰሞን ምግብ ያደረሳችሁበትን ሰሃን ወይም ሳፋ ሆን ብላችሁ እዚያው ተዉት። ለመመለስ ምክንያት ይሆናችኋል። ደግሞም ታውቃላችሁ፣ በሰፈራችን የጎረቤት ሰሃን ባዶውን አይመለስም። እማማ ዘንድሮ የእኔን ሰሃን በነጭ ፎጣ ሸፍነው ነው የጠበቁኝ። ፎጣውን ስገልጠው የገብስ ቆሎ ነበር፤ ሱፍ የገባበት፣ ገና ትኩስ። «ለቡናችሁ» አሉኝ። እንዲህ ሲሰጧችሁ በሁለት እጃችሁ ተቀበሉ፣ እዚያው ፊታቸው አንድ ጭብጥ ቆርጥሙ፣ ሰሃኑን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።